ዮጋን ከመጽሐፍ ብቻ መማር ይቻላል? ለአንዲት ጀማሪ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ዮጋን የጀመርኩት በማንበብ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጻሕፍት ስልኬ ላይ አውርጃለሁ። የዮጋን ጥንታዊ መጽሐፍ፣ የፓታንጃሊን ዮጋ ሱትራ፣ ጀመርኩት፣ ግን ምንም አልጨበጥኩም። ማታ ማታ ፎቶ እያየሁ እንቅስቃሴዎቹን እሠራለሁ። ሎተስ የሚባለውን አቀማመጥ ስሞክር ግራ ጉልበቴን ያመኛል። በፍጥነት የመተንፈስ ልምምድ ስሠራ ደግሞ ያዞረኛል፣ ጣቶቼንም ይነዝረኛል። አንድ መጽሐፍ ላይ ይህ ኩንዳሊኒ መንቃት ሲጀምር የሚመጣ ምልክት ነው ይላል። እንቅስቃሴዎቹ 5000 ዓመት የተፈተኑ ስለሆኑ ይጎዱኛል ብዬ አላስብም። ያለ አስተማሪ መቀጠል እችላለሁ? የትኛውን መጽሐፍ ላስቀድም? ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከእምነቴ ጋርስ ይጋጫል? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦

የሎተስ አቀማመጡንም የፍጥነት አተነፋፈሱንም ከዛሬ ማታ ጀምሮ አቁሚ። ስለ መጽሐፍ ምርጫ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ማዞሩና መነዘሩ ኩንዳሊኒ፣ ማለትም በአከርካሪ ሥር ተኝቷል የሚባለው ኃይል፣ አይደለም። ቶሎ ቶሎና በኃይል ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰውነትሽ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ጋዝ እንደ ቆሻሻ ብቻ ያየዋል። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ያኔ ያዞራል። የደሙ የኬሚካል ሚዛንም ስለሚዛባ ጣትና ከንፈር አካባቢ ይነዝራል። በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰውም ልክ ይኸው ነው የሚሰማው። ስታቆሚው በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅሻል። ኩንዳሊኒ ታንትራና ሃታ ዮጋ በሚባሉት የህንድ ትምህርቶች መጻሕፍት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ሐሳብ ነው። እንደ ሐሳብ አንብቢው፣ ምንም ችግር የለውም። ሰውነትሽ «በቃኝ» ሲል «እያደግሽ ነው» የሚልሽን መጽሐፍ ግን ዝጊው።

የድሮዎቹ ጸሐፊዎች እኮ ከዛሬዎቹ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በስቫትማራማ የተጻፈ ነው። ስለ ትንፋሽ ሲናገር አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ሁሉ ትንፋሽም ቀስ በቀስ ይገራ፣ አለበለዚያ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። ዮጋ ሱትራም ቢሆን ትንፋሽን መቆጣጠርን ያመጣው የሰውነት አቋም ከጸና በኋላ ነው። አንቺ የመጨረሻውን መጀመሪያ ነው የሠራሽው። ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉት የፍጥነት አተነፋፈሶች፣ እንዲሁም ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ መያዝ፣ ብቻሽን ከመጽሐፍ የምትማሪያቸው ነገሮች አይደሉም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ከነአካቴው ሊሞክራቸው አይገባም።

በምትኩ ይህን አድርጊ። በጀርባሽ ተኚ። በአፍንጫሽ አራት እስክትቆጥሪ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ አስወጪ። በመሀል ትንፋሽሽን አትያዢ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል፣ ሰውነትም ይለቃል። ምንም ተአምር የለውም፤ ነገር ግን ብቻሽን ብትሠሪው የሚያሰጋ አይደለም። ስድስት ከከበደሽ ወደ አምስት አውርጂው።

ወደ ጉልበትሽ ልምጣ። ጉልበት በዋናነት የሚታጠፍና የሚዘረጋ መገጣጠሚያ ነው፤ መዞር ብዙም አይችልም። ሎተስ ላይ እግርሽን ተቃራኒው ጭን ላይ ስታወጪ መዞር ያለበት የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ዳሌው የተያዘ ነው። ዳሌው አልዞር ሲል እጅሽ እግሩን ይጎትታል፣ ጉልበቱም ይጣመማል። ውስጥ ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ልም አጥንት እዚያ ላይ ይጨመቃል። ቢቀደድ በቀላሉ አይድንም። ፎቶው ይህን ሁሉ አያሳይሽም። የሚያሳይሽ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው የደረሰበትን መጨረሻ ነው። የህንዱ የዮጋ መምህር ኢዬንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ እያንዳንዱን አቋም ከ1 እስከ 60 በክብደት ደረጃ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀማሪ አንባቢ ግን ቁጥሩን ዘሎ ፎቶውን ያያል። ደግሞም ሎተስ ላይ ካልተቀመጡ ማሰላሰል አይቻልም የሚል ሕግ የለም። የተጣጠፈ ጋቢ ላይ ቁጭ በይና እግርሽን እንዲሁ አጣጥፊ። ወንበር ላይም ይሆናል። ፓታንጃሊ ስለ አቀማመጥ የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የጸና ይሁን፣ የተመቸ ይሁን።

የ5000 ዓመቱ ጉዳይ መታረም አለበት፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሰውነትሽን እያስጎዳሽ ነው። ዮጋ ሱትራ 195 ወይም 196 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ብዙ ተመራማሪዎች ከዛሬ 1600 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረ ነው ይላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ሰውነት አቋም በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። አንድም እንቅስቃሴ በስም ጠርቶ እንዲህ ሥሩ አይልም። ከዚያ ከሺህ ዓመት በኋላ የመጣው ፕራዲፒካ የዘረዘራቸው አቋሞች 15 ናቸው፤ ብዙዎቹም በመቀመጥ የሚሠሩ። ዛሬ ጂም ውስጥ የምናያቸው የቆሙ አቋሞችና ተያያዥ እንቅስቃሴዎች በአብዛኛው መልክ የያዙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቁት በምዕራብ ህንድ የምትገኘው የአውንድ ግዛት ገዥ ነበሩ። በደቡብ ህንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስተማረው ክሪሽናማቻርያ ደግሞ ዓለምን ያዳረሱትን መምህራን አፍርቷል፤ ኢዬንጋር፣ ፓታቢ ጆይስና ኢንድራ ዴቪ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ዮጋን አያሳንሰውም። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፣ ዛሬ የሚሠራው እንቅስቃሴ ግን ባብዛኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ «በዘመናት ተፈትኗል፣ አይጎዳም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ጉልበትሽ ያመመሽ ጉልበትሽ ስለተጣመመ ነው።

አሁን ንባቡ። ሱትራው ያልገባሽ አንቺ ስላልበረታሽ አይደለም። ብቻውን እንዲነበብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስላልሆነ ነው። ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፣ ማብራሪያውን መምህሩ አፍ ለአፍ ያስተምረዋል። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። በመጽሐፍ ቤት ንባቡ ከአንድምታው ተለይቶ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ሱትራውም ቪያሳ የጻፈው ነው ከሚባለው ማብራሪያ ተለይቶ አይነበብም። አንቺ ያወረድሽው ንባቡን ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው የያዝሽው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሱትራው የቆመበት ፍልስፍና ሳንክያ ይባላል። በሳንክያ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ፑሩሻ፣ ማለትም የሚያየው ንቃተ ሕሊና፣ እና ፕራክሪቲ፣ ማለትም ተፈጥሮ። አእምሯችን፣ ሐሳባችንና ስሜታችን ሳይቀር የሚመደቡት ተፈጥሮ ውስጥ ነው። የዮጋው ግብ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው። አድቫይታ ቬዳንታ የሚባለው ሌላው ትምህርት ግን ሁሉም በመጨረሻ አንድ ነው ይላል። የህንዱ መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ንግግር ካደረገ ከሦስት ዓመት በኋላ ሱትራውን ለምዕራቡ አንባቢ ሲያቀርብ የተረጎመው በቬዳንታ ዓይን ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ታዋቂ መጻሕፍትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። አንዱ ገጽ ላይ «ለይ»፣ ሌላው ላይ «አንድ ሁን» የሚል ስታነቢ አእምሮሽ ቢዞር አይገርምም። አንድ መጽሐፍ ስትጀምሪ መጀመሪያ መቅድሙን አንብቢ። ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደሚናገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይነግርሻል። ሦስትና አራት መጽሐፍ በአንዴ ማንበቡንም ተዪው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ባጋቫድ ጊታን አስቀድሚ። ማሃባራታ የሚባለው ጥንታዊ የህንድ ተረክ ግጥም ክፍል ነው፣ 18 ምዕራፍና 700 ያህል ስንኞች አሉት። ታሪክ ስላለው ይይዝሻል። አርጁና የተባለው ተዋጊ ኩሩክሼትራ ሜዳ ላይ ቆሞ ከፊት ለፊቱ የተሰለፉትን ያያል። ዘመዶቹና መምህሮቹ ናቸው። እጁ ይዝላል፣ ቀስቱን ጥሎ ይቀመጣል። የሠረገላው ነጂ ክሪሽና ከእሱ ጋር የሚያደርገው ውይይት ነው መጽሐፉ። ጥያቄው ተጨባጭ ነው፦ የማልሸሸው ግዴታ ሲኖርብኝ፣ ውጤቱ ደግሞ በእጄ ካልሆነ፣ እንዴት ልሥራ? ሥራህን ሥራ፣ ፍሬው ላይ ግን አትንጠልጠል የሚለው መልስ ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ። ቢሮ የሚሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ሳንስክሪት አያስፈልገውም።

ከጊታው ምዕራፍ ስድስት ላይ ረጋ በይ። እዚያ ላይ ዮጋ ከመጠን በላይ ለሚበላም ፈጽሞ ለማይበላም፣ አብዝቶ ለሚተኛም ፈጽሞ ለማይተኛም አይሆንም ይላል። ቀጥሎ አርጁና አቤቱታ ያቀርባል። አእምሮዬ አይያዝም፣ ነፋስን እንደ መያዝ ነው ይላል። ክሪሽና አያባብለውም። እውነትህን ነው፣ ከባድ ነው፣ ነገር ግን በልምምድና ባለመንጠልጠል ይያዛል ይለዋል። ዮጋ ሱትራን ስትከፍቺ ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር 12 ላይ እነዚሁኑ ሁለት ነገሮች ታገኛለሽ። ልምምድ ካለመንጠልጠል ከተለየ ሰውን ግትር ያደርጋል። አለመንጠልጠል ከልምምድ ከተለየ ደግሞ ስንፍና ይሆናል። ሁለቱ መጻሕፍት እዚህ ላይ ሲገናኙ ስታዪ ንባብሽ መሠረት ያዘ ማለት ነው።

ከጊታው በኋላ ወደ ሱትራው ተመለሺ፣ ግን ከምዕራፍ ሁለት ጀምሪ። ተግባራዊው ክፍል እሱ ነው። ስምንቱ የዮጋ ክፍሎች መዘርዘር የሚጀምሩት እዚያ ነው። ከዚያ ምዕራፍ አንድን አንብቢ። ሦስትና አራትን ለጊዜው እለፊያቸው፤ ሦስተኛው ስለ ልዩ ኃይሎች ብዙ ስለሚያወራ ጀማሪን ከመንገድ ያወጣል። ትርጉም ስትመርጪ የስንኙ ቁጥር፣ የቃል በቃል ፍቺውና የድሮዎቹ ተንታኞች ሐሳብ ያለበትን ፈልጊ። ኤድዊን ብራያንት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው እንዲህ ያለ ነው። ወፍራም ነው፣ አትፍሪው። በቀን አንድ ሱትራ ከነማብራሪያው ይበቃል። ካነበብሽ በኋላ መጽሐፉን ዝጊና የገባሽን በራስሽ አማርኛ ደብተር ላይ ጻፊ። በእንግሊዝኛ የገባን የሚመስለን ብዙ ነገር በአማርኛ ልንጽፈው ስንል አልገባንም። ደብተሩ ይህን ያጋልጥልሻል።

ስምንቱ ክፍሎች ላይ ስትደርሺ አንድ ነገር ልብ በይ። የመጀመሪያው የሰውነት እንቅስቃሴ አይደለም። ያማ ይባላል፤ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛትና አለመስገብገብ ናቸው። ሁለተኛው ኒያማ ነው፤ ንጽሕና፣ ባለ ነገር መርካት፣ ጽናት፣ ራስን ማጥናትና ለኢሽቫራ ማደር (ኢሽቫራ ማን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ)። አሳና፣ ማለትም የሰውነት አቋም፣ ሦስተኛ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢዎች እነዚህን አሥር ነገሮች እንደ መግቢያ አይተው ያልፏቸዋል። እኔ ግን ብቻዋን ለምታነብ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ልምምድ ይህ ነው እላለሁ። ፎቶ አይፈልግም፣ ጉልበት አያስጎዳም። አለመጉዳት የራስን ሰውነትም ይጨምራል፤ ጉልበትሽን እየጎተትሽ ዮጋ እየሠራሽ አልነበረም። ምዕራፍ አንድ ቁጥር 33 ደግሞ ለሳምንት የሚበቃ የቤት ሥራ አለው። ደስ ያለውን ሰው በወዳጅነት፣ የተቸገረውን በርኅራኄ፣ መልካም የሠራውን በደስታ፣ ክፉውን ባለመረበሽ ተመልከት ይላል። ዕድገት ያገኘች የሥራ ባልደረባሽን እያሰብሽ ሞክሪው። ቀላል እንዳልሆነ ያኔ ይገባሻል።

ስለ እምነትሽ የጠየቅሽውን አልሸፋፍነውም። «ዮጋ ሃይማኖት አይደለም፣ ስፖርት ነው» የሚለው መልስ ለመለጠጥ እንቅስቃሴው ይሠራል፣ ለመጻሕፍቱ ግን አይሠራም። ጊታው ውስጥ ክሪሽና ራሱን አምላክ አድርጎ ይገልጣል። ሱትራው ካርማን (የሠሩት ሥራ ፍሬ ይከተላል የሚለውን ሕግ) እና ዳግም መወለድን እንደ እውነት ይቀበላል። ኢሽቫራ የሚለውም ዓለምን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም፤ በሥቃይና በካርማ ያልተነካ ልዩ ፑሩሻ ነው። እነዚህ ከክርስትናም ከእስልምናም ትምህርት ጋር አይገጥሙም። የሰውን ፍልስፍና ለማወቅ ማንበብና እሱን እምነት አድርጎ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግን የሚነግርሽ የዮጋ መምህር መሆን የለበትም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ የምታነቢውንም በግልጽ ንገሪያቸው። ኦም ማለትና ማንትራ (የተቀደሰ የሚባል ቃል) ማዜም ለሰውነት እንቅስቃሴው አስፈላጊ አይደሉም፤ ካልፈለግሽ ትተሻቸው መሥራት ትችያለሽ። በጾም ወቅት ደግሞ ጠዋት ቀለል ያለውን ሥሪ። ምግብ ሳይበሉ መሥራት ለዮጋ የሚመከር ነው፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትጠጪ የምትቆዪ ከሆነ የሚያልብ ረጅም ልምምድ አትጀምሪ።

ብቻሽን ልትሠሪያቸው የምትችያቸው አቋሞች አሉ። ታዳሳና፣ ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ክብደትሽ በሁለቱም እግር እኩል ማረፉን መለየት ግን ጊዜ ይወስዳል። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ማጉበጥና ማስረግ፤ ጉልበትሽ ሥር ወፍራም ጨርቅ አድርጊ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት። በጀርባ ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል። በመጨረሻ ሻቫሳና፣ ማለትም ዝም ብሎ በጀርባ መተኛት። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሌላ አያስፈልግሽም። ስልክሽን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን አቁመሽ ቪዲዮ ቅረጪ። ጀማሪ ሰው ትከሻው የት እንዳለ በስሜት አያውቀውም፤ ቀጥ ያልን ይመስለናል፣ ቪዲዮው ግን ሌላ ያሳያል። ጡንቻ ሲለጠጥ የሚሰማው ሰፋ ያለ መወጠር ችግር የለውም። መገጣጠሚያ ውስጥ ስል ሕመም፣ ወይም ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ከተሰማሽ ወዲያው ከአቋሙ ውጪ። በጭንቅላት መቆምን ከመጽሐፍ አትሞክሪ፤ አንገት ላይ ጫና ያሳድራል፣ የዓይን ውስጥ ግፊትንም በጣም ስለሚጨምር ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ያለ አስተማሪ መቀጠል እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ ለፍልስፍናው አዎ፣ ለረጅም ጊዜ ትችያለሽ። ለሰውነት እንቅስቃሴው ከላይ እስከጠቀስኳቸው ድረስ ብቻ። ለትንፋሽ ልምምድ፣ ከረጋው አተነፋፈስ ውጭ፣ አትችይም። ስለዚህ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር ሥሪና የጀመርሽውን ይይልሽ። ወርሃዊ ክፍያ የግድ አይደለም። በኢንተርኔት ቪዲዮ ቢሆንም ይሠራል፣ እሱ ወይም እሷ አንቺን የሚያዩሽ ከሆነ። የተቀዳ ቪዲዮ ግን መጽሐፍ ማለት ነው፤ አያይሽም። ጥሩ አስተማሪ ከመጀመሩ በፊት ስለ ጉልበትሽ ይጠይቅሻል፣ ሳያስፈቅድ አይነካሽም። ሳይጠይቅ እግርሽን ገፍቶ ሎተስ ላይ የሚያስገባሽ ከሆነ ተነሺና ውጪ፣ ስሙ የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን። ማሰላሰል ስትጀምሪ ደግሞ የድሮ ከባድ ትዝታ እያነሳ የሚረብሽሽ ወይም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ አቁመሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ፤ «ማለፍ ያለብሽ ደረጃ ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ጉልበትሽን ለሁለት ሳምንት ሙሉ ከማጣመም አሳርፊው። ደረጃ መውጣትና መውረድ አሁንም የሚያምሽ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ወይም ስትዘረጊው መሀል ላይ ቆልፎ የሚይዝሽ ከሆነ፣ አስተማሪ ከመፈለግሽ በፊት የአጥንት ሐኪም ይየው።